በቁስቋም ከፍታ አሮጌ ኮምፒውተርን ማፍጠን፦ የማዘርቦርድ ማሻሻያ፣ ስስ አየርና የውጤት ታማኝነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ማዘርቦርድ በማሻሻል ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት (ኦቨርክሎኪንግ) በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ይመረምራል። ትንታኔው በታወቁ የኤሌክትሪክና የሙቀት ሕጎች ላይ የተመሠረተ ስሌት እንጂ የቤተ ሙከራ ልኬት ዘገባ አይደለም። በስሌቱ መሠረት በ2,133 ሜትር ከፍታ ያለው ስስ አየር ፕሮሰሰሩ ከአካባቢው አየር በላይ የሚሞቅበትን መጠን በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የደጋው ቅዝቃዜ ከዚህ ጭማሪ የተወሰነውን ብቻ ያካክሳል። ቮልቴጅ ሳይነኩ ፍጥነቱን ወደ ቀጣዩ መደበኛ ደረጃ ማሳደግ፣ በማረጋገጫ ፈተና ከታጀበ፣ ለምርምር ሥራ ሊያገለግል ይችላል። ቮልቴጅ መጨመርን የሚጠይቅ ፍጥነት ግን ለምርምር ሥራ አይመከርም።

1. መግቢያ

በጎንደር ከተማ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ወይም ሽንብራ የሚቀቅል ሁሉ የዚህን ዋጋ በጊዜና በማገዶ ይከፍላል። ምክንያቱ የከፍታ ቦታ አየር ግፊት ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ይህ ጉዳይ በድስት ብቻ አይወሰንም። በኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ የሚሽከረከረው ማራገቢያም የሚገፋው ይህንኑ ስስ አየር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን ያሠሩት ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ከፍ ብሎ በሚገኘው ተረተር ላይ ነው። ዛሬ በዚያ ሰፈር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አለ እንበል። ያለው ኮምፒውተር ከአንድ ቢሮ የወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበ ፕሮሰሰር የተገጠመለት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልገው ስታቲስቲካዊ ስሌት 30 ሰዓት ይፈጃል፤ በመካከሉ መብራት ከጠፋም እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ይኖርበታል። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድም። በዚህ ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ በማገናኘት ብቻ ፕሮሰሰሩን በሲሶ ማፍጠን እንደሚቻል ይሰማል።

ሽቦዋ ኮምፒውተሩን ልታፈጥነው እንደምትችል አያጠራጥርም። የሚያጠያይቀው ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ በሙሉ እምነት ማስፈር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ ለመመለስ ይሞክራል።

2. የሰዓት ምት ከየት ይመጣል?

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በሰዓት ምት ነው። በአቋቋም ከበሮው ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገር ሊቃውንቱ ሁሉ እኩል መፍጠን እንዳለባቸው ሁሉ፣ በፕሮሰሰር ውስጥም እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀጥለው ምት ከመድረሱ በፊት ጉዞውን ጨርሶ መገኘት ይኖርበታል። አምራቹ ለፕሮሰሰሩ የሚመድበው ፍጥነት እጅግ ዘገምተኛው የውስጥ መንገድ እንኳ፣ በመጥፎ የሙቀትና የቮልቴጅ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ፣ በጊዜው እንዲደርስ የተወሰነ ትርፍ ጊዜ ተጨምሮበት ነው። ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው ተግባር ከዚህ ትርፍ ጊዜ ላይ መቀነስ ማለት ነው።

የምቱ መነሻ በማዘርቦርዱ ላይ የተተከለ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ላይ የነበረው ክሪስታል 14.31818 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ይህ ድግግሞሽ ለሦስት ተከፍሎ ፕሮሰሰሩን በ4.77 ሜጋኸርዝ ያሠራው ነበር። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ይኸው 14.318 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ክሎክ ጄኔሬተር ለሚባለው ቺፕ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ክሎክ ጄኔሬተሩ ከዚህ መነሻ የሲስተም ባሱን ምት ይፈጥራል፤ ፕሮሰሰሩም ያንን ምት በውስጡ ባለው ማባዣ አባዝቶ የራሱን ፍጥነት ያገኛል።

በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኢንቴል ፔንቲየም ዱዋል ኮር ኢ2160 ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ባስ 200 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 9፣ ፍጥነቱም 1,800 ሜጋኸርዝ ነው። ማባዣው ከ9 በላይ እንዳይወጣ በፋብሪካ ተቆልፏል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ማፍጠን የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ የባሱን ምት መጨመር ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች ይህ በባዮስ ውስጥ ይስተካከላል፤ ለቢሮ አገልግሎት በጅምላ በተሸጡ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ወደ ማዘርቦርዱ አካል መሄድ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሦስት ዓይነት የማዘርቦርድ ማሻሻያ

3.1 ክሪስታል መለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ኤቲ 80286 ፕሮሰሰርን በ6 ሜጋኸርዝ ያሠራ ነበር። የምቱ መነሻ 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ሲሆን ፕሮሰሰሩ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ክሪስታሉ በብየዳ ያልተያያዘ፣ ከማረፊያው ሊነቀል የሚችል በመሆኑ ብዙ ተጠቃሚዎች አውጥተው በ16 ሜጋኸርዝ ተኩት፤ ፍጥነቱም 8 ሜጋኸርዝ ሆነ። አይቢኤም በኋላ ባወጣው ባዮስ የማሽኑን ፍጥነት እየለካ ከተወሰነው በላይ ሲያገኝ ሥራ እንዳይጀምር የሚያደርግ ፍተሻ ጨመረ። ይህ ዘዴ ዛሬ ለምሳሌያችን ማሽን አይመከርም፤ መነሻው ክሪስታል ሲለወጥ ከእርሱ የሚመነጩ ሌሎች ምቶችም አብረው ይዛባሉና።

3.2 የምርጫ መስመርን ማታለል

ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን የባስ ምት ለማዘርቦርዱ የሚያሳውቀው በተወሰኑ የምርጫ መስመሮች ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1998 የወጣው ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ለዚህ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ባሱ 66 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 4.5 ነበር። በካርዱ ጠርዝ ላይ ያለውን ቢ21 የተባለ ንክኪ በፕላስተር መሸፈን ማዘርቦርዱ 100 ሜጋኸርዝ እንዲመርጥ ያደርገው ስለነበር፣ ፕሮሰሰሩ በ450 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር።

በኢ2160 ዘመን እነዚህ መስመሮች ሦስት ናቸው፤ ቢሴል 0፣ ቢሴል 1 እና ቢሴል 2 ይባላሉ። ከቢሴል 2 ጀምረን ወደ ቢሴል 0 ስናነብ፣ ዝቅ ያለውን 0 ከፍ ያለውን 1 ብለን፣ ኮዱ 010 ሲሆን 200 ሜጋኸርዝ፣ 000 ሲሆን 266 ሜጋኸርዝ፣ 100 ሲሆን 333 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። ስለዚህ ከ200 ወደ 266 ለመሸጋገር መለወጥ ያለበት ቢሴል 1 ብቻ ነው፤ ከፍ ካለበት ወደ ዝቅ ማለት አለበት። መስመሩ ከፍ ብሎ የሚቆየው በሬዚስተር ተስቦ ስለሆነ ከግራውንድ ጋር በሽቦ ማገናኘት ያለ ችግር ዝቅ ያደርገዋል። ከ266 ወደ 333 መሸጋገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከግራውንድ ጋር ያሰረውን ቢሴል 2 ከፍ ማድረግ ስለሚጠይቅ ንክኪውን መሸፈን ወይም መስመሩን መቁረጥ ያስፈልጋል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ማዘርቦርዱ አዲሱን ምት እንደ መደበኛ መቀበሉ ነው። ቺፕሴቱ 266 ሜጋኸርዝን የሚደግፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢንቴል 945ጂ ከሆነ፣ የራምና የሌሎች መስመሮች ምት በመደበኛ ደረጃቸው ይቆያሉ። ፕሮሰሰሩ ብቻ 266 በ9 ተባዝቶ ወደ 2,400 ሜጋኸርዝ ያድጋል።

3.3 ቮልቴጅ መጨመር

ምቱ ሲፈጥን ምልክቶቹ በጊዜው ካልደረሱ ቮልቴጅ መጨመር ያፋጥናቸዋል። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ቺፕ የሚወጣውን ቮልቴጅ የሚያውቀው በሁለት ሬዚስተሮች በተከፈለ የመልስ መስመር ነው። ለምሳሌ የቺፑ ማመሳከሪያ 0.9 ቮልት፣ ሁለቱም ሬዚስተሮች እያንዳንዳቸው 1,000 ኦም ቢሆኑ ውጤቱ የራሙ መደበኛ 1.8 ቮልት ይሆናል። ከታችኛው ሬዚስተር ጎን 20,000 ኦም ቢጨመር የታችኛው ድምር ወደ 952 ኦም ይወርድና ውጤቱ ወደ 1.845 ቮልት ይወጣል። አንዳንዶች ይህን የሚያደርጉት በእርሳስ ግራፋይት ሬዚስተሩን በመቀባት ነው። የግራፋይቱ መጠን ግን በእጅ ግምት የሚወሰን ከመሆኑም በላይ በንዝረትና በአቧራ ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ የበዛ ቅባት ራሙን ወይም ፕሮሰሰሩን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል።

4. የኃይል ስሌት

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ፍጥነት ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ኢ2160 የተነደፈበት የሙቀት ጣሪያ 65 ዋት ነው። በተግባር የሚፈጀው ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል የሚከተሉትን ቁጥሮች እንደ ላይኛ ወሰን መውሰድ ይገባል። መነሻ ቮልቴጁን 1.25 ቮልት እናድርገው።

ምቱ ብቻ ከ1,800 ወደ 2,400 ሜጋኸርዝ ቢያድግ ኃይሉ በ1.333 ይባዛል፤ 86.7 ዋት ይሆናል። በተጨማሪም ቮልቴጁ ወደ 1.35 ቢወጣ፣ የ1.35 ለ1.25 ንጽጽር 1.08 ሲሆን በራሱ ተባዝቶ 1.166 ይሆናል፤ ኃይሉም 101 ዋት ገደማ ይደርሳል።

ልዩነቱ በሥራው ጠቅላላ ጉልበት ላይ ይበልጥ ይታያል። 30 ሰዓት የሚፈጀው ስሌት ሙሉ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚወሰን ቢሆን በ22.5 ሰዓት ያልቃል። በመጀመሪያው ሁኔታ 65 ዋት ለ30 ሰዓት 1.95 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምቱ ብቻ ሲያድግ 86.7 ዋት ለ22.5 ሰዓት ይኸው 1.95 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቮልቴጁ ሲጨመር ግን 2.27 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምቱን ማሳደግ ያንኑ ጉልበት ባጠረ ጊዜ ማውጣት ሲሆን፣ ቮልቴጅ መጨመር ግን ለዚያው ሥራ ተጨማሪ ጉልበት መክፈል ነው።

በማዘርቦርዱ ላይ የሚደርሰው ጫና ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። 65 ዋት በ1.25 ቮልት 52 አምፔር ኮረንት ይጠይቃል፤ 101 ዋት በ1.35 ቮልት ወደ 75 አምፔር ይጠይቃል። በቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ክፍሎች ላይ በሬዚስታንስ ምክንያት የሚባክነው ኃይል ከኮረንቱ ጋር በራሱ ተባዝቶ ስለሚያድግ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እነዚህ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ማቀዝቀዣ የላቸውም። በአጠገባቸው ያሉት የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች ደግሞ በ10 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር የዘርፉ የተለመደ መመሪያ ነው። ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ማዘርቦርድ ላይ ከዚህ ዕድሜ የቀረው ጥቂት ነው።

5. ስስ አየር የሚወስደውና ቅዝቃዜ የሚመልሰው

ለጎንደር ከተማ በተለምዶ የሚጠቀሰው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ ያለው ግፊት የባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ነው። በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት የአየሩ እፍግታም በዚሁ መጠን ያንሳል። ቁስቋም ከመሀል ከተማው ከፍ ያለ በመሆኑ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። በደባርቅ፣ በ2,850 ሜትር ገደማ፣ 71 በመቶ ይሆናል። በመተማ፣ በ700 ሜትር ገደማ፣ 92 በመቶ ነው።

ማራገቢያ በአንድ ደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በከፍታ ብዙም አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር መጠነ ቁስ ግን ያንሳል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ መጠነ ቁሱ ነው። በብረት ክንፎች መካከል የሚደረገው የሙቀት ዝውውር ለስላሳ ፍሰት ከሆነ ከእፍግታው ዳግም ዘር ጋር፣ የተረበሸ ፍሰት ከሆነ ደግሞ ከእፍግታው 0.8 ርቢ ጋር አብሮ ይወርዳል። ለዚህ ስሌት በመካከላቸው ያለው 0.7 ርቢ ተወስዷል። በዚህ መሠረት የማቀዝቀዣው የሙቀት ተከላካይነት፣ ማለትም በአንድ ዋት የሚፈጠረው የዲግሪ ልዩነት፣ በጎንደር በ1.20፣ በደባርቅ በ1.28፣ በመተማ በ1.06 ይባዛል።

በባሕር ጠለል 0.40 ዲግሪ በዋት የሆነ መካከለኛ ማቀዝቀዣ እንውሰድ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። በስስ አየር ይህ ልዩነትም በመጠኑ ስለሚሰፋ፣ የሚከተለው ግምት ለከፍታ ቦታዎች ትንሽ ያደላል። የክፍል ሙቀቶቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። የፕሮሰሰሩ የላይኛው ገጽ ሙቀት እንደሚከተለው ይሆናል።

በባሕር ጠለል፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲሆን፦ በ86.7 ዋት 65 ዲግሪ፣ በ101 ዋት 70 ዲግሪ።
በጎንደር፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሲሆን፦ በ86.7 ዋት 69 ዲግሪ፣ በ101 ዋት 75 ዲግሪ።
በደባርቅ፣ ክፍሉ 16 ዲግሪ ሲሆን፦ በ86.7 ዋት 65 ዲግሪ፣ በ101 ዋት 73 ዲግሪ።
በመተማ፣ ክፍሉ 36 ዲግሪ ሲሆን፦ በ86.7 ዋት 78 ዲግሪ፣ በ101 ዋት 84 ዲግሪ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ «አገራችን ቀዝቃዛ ስለሆነች ኮምፒውተር አይሞቅም» የሚለው የደጋ ሰው ግምት ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በጎንደር የክፍሉ አየር ከምሳሌው የባሕር ጠለል ክፍል በ3 ዲግሪ ቢቀዘቅዝም ፕሮሰሰሩ በ4 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል። ሁለተኛ፣ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ በተሠራ ሙከራ የተጻፈ መመሪያ «ይህ ማቀዝቀዣ ይበቃል» ሲል የተናገረው ስለዚያ ቦታ አየር ነው። ያንኑ መጠነ ቁስ አየር በጎንደር ለማንቀሳቀስ ማራገቢያው በ30 በመቶ ገደማ ይበልጥ መፍጠን አለበት።

ይህ ስሌት በንጹሕ ማቀዝቀዣ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በበጋ ወራት በክንፎቹ መካከል የሚጠራቀም አቧራና የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከከፍታው በላይ ሊጎዱ ይችላሉ፤ እነርሱን ማስተካከል ግን በእጃችን ነው።

6. ዝም ያለ ስሕተት

ሙቀት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም ካለፈ ይጠፋል። ይህ የሚታይ ችግር ስለሆነ አይከፋም። ለተመራማሪ የሚያሰጋው የማይታየው ነው። አንድ ምልክት የሚቀጥለው ምት ሲመጣ ገና በመንገድ ላይ ከሆነ፣ ተቀባዩ ክፍል የቀድሞውን ዋጋ እንደ አዲስ ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ አይቆምም፤ የስሕተት መልእክትም ላይታይ ይችላል።

የሚደርሰው ጉዳት ስሕተቱ በየትኛው ቢት ላይ እንደወደቀ ይወሰናል። አንድ ባለ 64 ቢት አስርዮሽ ቁጥር 1 የምልክት ቢት፣ 11 የርቢ ቢቶችና 52 የዋጋ ቢቶች አሉት። ከዋጋ ቢቶቹ የመጨረሻው ቢገለበጥ ለውጡ በ16ኛው አኃዝ ገደማ ስለሆነ ማንም አያየውም። ከርቢ ቢቶቹ ዝቅተኛው ቢገለበጥ ቁጥሩ እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል። የምልክት ቢቱ ቢገለበጥ አወንታዊው አሉታዊ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉዳት የለውም፤ ሦስተኛው ምናልባት ዓይን ይስብ ይሆናል። መካከለኛው ግን በሺህ በሚቆጠሩ ረድፎች ውስጥ ተደብቆ አማካዩን አዛብቶ፣ ጉልህ ያልሆነውን ልዩነት ጉልህ አስመስሎ ሊያልፍ ይችላል። የቢሮ ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ስሕተትን ራሱ የሚያርም ራም ስለሌላቸው ይህን የሚይዝ ሌላ መረብ የለም።

ስሕተቱ በፕሮሰሰሩ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በሴሌሮን ዘመን አንዳንድ ማዘርቦርዶች 83 ሜጋኸርዝ ባስን ይፈቅዱ ነበር። የፒሲአይ መስመሩ የባሱ ግማሽ በመሆኑ 33 መሆን ሲገባው 41.5 ሜጋኸርዝ ይደርስ ነበር፤ ውጤቱም በሃርድ ዲስክ ላይ የሚጻፍ መረጃ መበላሸት ነበር። ፕሮሰሰሩ ደህና ሆኖ ፋይሉ የሚጠፋበት ሁኔታ ማለት ነው። የቢሴል ዘዴ የሚመረጠውም መስመሮቹን ሁሉ በመደበኛ ምታቸው ስለሚያቆይ ነው።

7. የሚመከር ቅደም ተከተል

ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ በእርግጥ በፕሮሰሰር ፍጥነት የሚወሰን መሆኑን ነው። ከ30 ሰዓቱ 60 በመቶው ብቻ የፕሮሰሰር ሥራ ቢሆን፣ ጊዜው ወደ 25.5 ሰዓት እንጂ ወደ 22.5 አይወርድም። ቀሪው በራም እጥረት ወይም በዲስክ ዝግታ የሚባክን ከሆነ ራም መጨመር ማዘርቦርዱን ከመንካት ይቀድማል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በየተወሰነ ጊዜ የደረሰበትን በዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። መብራት ሲጠፋ ከ30 ሰዓት ሥራ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ብቻ ማጣት ከማንኛውም ኦቨርክሎኪንግ የበለጠ ጊዜ ያተርፋል። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ማእከል ሥራውን ሊቀበል ይችል እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ከዚህ በኋላም ማፍጠኑ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

አንድ፤ መረጃን ሁሉ በሌላ ዲስክ መገልበጥ።

ሁለት፤ አቧራውን ማጽዳት፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን መቀየር፣ ካፓሲተሮቹን መመርመር። ራሱ ያበጠ ወይም ፈሳሽ የወጣው ካፓሲተር ካለ ሥራው እዚሁ ያበቃል።

ሦስት፤ በመደበኛው ፍጥነት አንድ የማመሳከሪያ ስሌት ማስኬድ፣ ውጤቱንና የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ሙቀት መመዝገብ። ስሌቱ በአንድ ኮር ብቻ የሚሄድና የዕጣ ቁጥር መነሻው የተወሰነ መሆን አለበት። በብዙ ኮሮች የሚሄድ ድምር ቅደም ተከተሉ ስለሚለዋወጥ ጤነኛ ማሽን ላይ እንኳ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያዩ ይችላሉ።

አራት፤ ቺፕሴቱ 266 ሜጋኸርዝን መደገፉን ከአምራቹ ሰነድ ማረጋገጥ። የማይደግፍ ከሆነ አለመሞከር።

አምስት፤ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ በውስጡ የቀረውን ኮረንት ለማፍሰስ ማብሪያውን ደጋግሞ ተጭኖ፣ የቢሴል 1 መስመርን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት። ግንኙነቱ በቋሚ ብየዳ ከሚሆን በሚነቀል ማገናኛ ቢሆን ይሻላል። ኮምፒውተሩ ካልተነሣ መፍትሔው ማገናኛውን መንቀል ብቻ ይሆናል።

ስድስት፤ ሜምቴስት86ን ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያም ፕራይም95ን ለ24 ሰዓት ማስኬድ። ፕራይም95 ውጤቱን አስቀድሞ ከታወቀ መልስ ጋር ስለሚያነጻጽር ዝም ያለ ስሕተትን ለማጋለጥ ይጠቅማል። ፈተናው በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትር ሙቀት ቢደገም ይመረጣል፤ በሐምሌ ሌሊት ያለፈ ማሽን ለመጋቢት ቀትር ዋስትና አይሰጥም።

ሰባት፤ የማመሳከሪያውን ስሌት ደግሞ አስኪዶ ውጤቱን አኃዝ በአኃዝ ማነጻጸር። አንዲት አኃዝ እንኳ ከተለየች ማገናኛውን መንቀል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጅ በመጨመር ማስተካከል የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍል 4 እና 5 እንዳሳዩት ይህ በስስ አየርና በአሮጌ ካፓሲተሮች ላይ የሚጫን ሌላ ሸክም ነው።

ስምንት፤ በተፋጠነው ማሽን የተገኘን ውጤት ለፍለጋና ለሙከራ መጠቀም፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የሚሰፍረውን የመጨረሻ ስሌት ግን ማገናኛውን ነቅሎ በመደበኛው ፍጥነት አንድ ጊዜ ደግሞ ማስኬድ። የተሠራውንም በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ።

8. ማጠቃለያ

አሮጌ ኮምፒውተርን በማዘርቦርድ ማሻሻያ ማፍጠን ከ1984ቱ የክሪስታል ቅየራ ጀምሮ የቆየ ተግባር ሲሆን በጎንደርም ይቻላል። የሚያገኘው ፍጥነት ግን አምራቹ ለደህንነት ካስቀመጠው ትርፍ ላይ የተቀነሰ ነው። በቁስቋም ከዚህ ትርፍ የተወሰነውን ስስ አየር፣ የተወሰነውን የማዘርቦርዱ ዕድሜ አስቀድመው ወስደውታል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተሳካ ቁጥርን ገልብጦ ማምጣት አይበቃም፤ ማሽኑ በሚሠራበት ክፍል፣ በሚሠራበት ወቅት መፈተን አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት የሙቀት ቁጥሮች ግምታዊ ወሰኖች ናቸው። በልኬት ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፦ አንድ ዓይነት ሁለት ማሽኖች፣ ቴርሞሜትርና ከመተማ እስከ ደባርቅ የሚደረግ ጉዞ። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት የሚገኝበት አካባቢ ለእንዲህ ያለው ጥናት የተመቸ ነው። ይህን የሚያካሂድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከተገኘ፣ በእፍግታው ላይ የተወሰደው 0.7 ርቢ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ያውቃል።